የጋንፓቲ ሰሞን በፑኔ፦ አዲስ የገቡ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ሕንድ ውስጥ በማሃራሽትራ ግዛት ወደምትገኘው ፑኔ ለትምህርት የሚመጡ ልጆቻችን ብዙዎቹ የሚገቡት በክረምቱ ወራት ነው። ክፍል ተከራይተው፣ ሲም ካርድ አውጥተው፣ ከሰፈሩ ጋር ገና ሳይላመዱ የከተማዋ ትልቁ በዓል ከች ይላል። መንገዱ ይዘጋል፣ ከበሮው እንቅልፍ ይነሣል፣ አከራይዋ ስለ ወጥ ቤቱ አዲስ ነገር ታዛለች፣ ጎረቤት ጣፋጭ ይዞ በር ያንኳኳል። ቀድመን የመጣን ተማሪዎች በየዓመቱ የምንጠየቀው ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብሰብ አድርገነዋል። ሰዓቱን ሁሉ የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የከተማው ማስታወቂያ ላይ ስታነቡ ስድስት ሰዓት ልዩነቱን አትርሱ።

በዓሉ ምንድን ነው? መቼስ ይውላል?

ሙሉ ስሙ ጋኔሽ ቻቱርቲ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን ጋንፓቲ ይለዋል። የዝሆን ራስ ያለው አምላክ ጋኔሽ በሂንዱዎች እምነት የሺቫና የፓርቫቲ ልጅ ነው። መሰናክል ያነሣል ብለው ስለሚያምኑ ማንኛውም ሥራ ሲጀመር ስሙ አስቀድሞ ይጠራል። በበዓሉ የመጀመሪያ ቀን ቤተሰቡ የጋኔሽን ምስል (እሱም ጋንፓቲ ይባላል) ገዝቶ ወደ ቤት ያስገባል። እንደየቤቱ ልማድ ለአንድ ቀን ተኩል፣ ለሦስት፣ ለአምስት፣ ለሰባት ወይም ለአሥር ቀን ያህል ያቆየውና ውኃ ውስጥ ያሰጥመዋል። የሰፈር ማኅበራቱ (ማንዳል ይባላሉ) የሚያቆሟቸው ትልልቅ ምስሎች የሚሸኙት በመጨረሻው ቀን፣ በአናንት ቻቱርዳሺ ነው።

ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር ከዓመት ዓመት ይዘዋወራል፤ ብዙውን ጊዜ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 ጳጉሜን 2 ተጀምሮ መስከረም 7 ስላበቃ እንቁጣጣሽ መሃሉ ላይ ዋለ። በ2025 ከነሐሴ 21 እስከ ጳጉሜን 1 ነበር። በ2026 ደግሞ መስከረም 4 ቀን 2019 ዓ.ም. ይገባና መስከረም 15 ይወጣል፤ ማግስቱ ደመራ ነው። እኛ ዘመን የምንለውጥበትና እነሱ ጋንፓቲን የሚቀበሉበት ሰሞን እንዲህ ስለሚገጣጠም ጉዳዩ ለእኛ ከሌላው የውጭ ተማሪ ይልቅ ይከብዳል።

ሕንድ ውስጥ ብዙ በዓል አለ፤ ፑኔ ላይ ይኼኛው ለምን ይህን ያህል ገነነ?

በየቤቱ ሲከበር የኖረው በዓል አደባባይ እንዲወጣ የገፋው ሎክማንያ የሚባለው የነፃነት ታጋይ ባል ጋንጋዳር ቲላክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ዓ.ም. ሕዝቡ በጋራ እንዲያከብረው ጥሪ አደረገ። እንግሊዝ አገሩን በምትገዛበት በዚያ ዘመን የፖለቲካ ስብሰባ በክፉ ዓይን ይታይ ስለነበር፣ በዓሉ ሰው የሚሰባሰብበትና የአገሩን ጉዳይ የሚነጋገርበት መድረክ ሆነ። ቲላክ ይኖርበት የነበረው ኬሳሪ ዋዳ ዛሬም የራሱ ጋንፓቲ አለው፤ በከተማዋ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው አምስቱ አንዱ ነው። የሁሉም ቀዳሚ የካስባ ጋንፓቲ ሲሆን፣ ታምብዲ ጆጌሽዋሪ፣ ጉሩጂ ታሊምና ቱልሺባግ ይከተሉታል። በሽኝቱ ቀን እነዚህ አምስቱ ሳያልፉ ሌላው አይቀድምም።

ይህን ማወቅ ለፈተና አይጠቅማችሁም፤ ግን ከክፍል ጓደኛችሁ ጋር ስታወሩ «የካስባውን አይቻለሁ» ብትሉ ፊቱ እንዴት እንደሚፈካ ታያላችሁ።

ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ዝግ ነው?

የመጀመሪያው ቀን በማሃራሽትራ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ባንክም ኮሌጅም ይዘጋል። የመጨረሻው ቀንም በፑኔ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። በመካከል ያሉት ቀናት መደበኛ የሥራ ቀናት ናቸው፤ «በዓል ነው» ብሎ ከክፍል መቅረት ያስጠይቃል።

አንድ ነገር አደራ። ቪዛችሁ ከ180 ቀን በላይ ከሆነ ሕንድ በገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ በኢንተርኔት የውጭ ዜጎች ምዝገባ ማድረግ አለባችሁ። ለዚያ ከኮሌጁም ከአከራይም የሚፈለግ ወረቀት አለ። በበዓሉ ሰሞን ፈራሚው ሰው አገር ቤት ሄዶ ይጠብቃችኋል፤ አከራዮችም እንግዳ በዝቶባቸው ጊዜ አያገኙም። ስለዚህ ወረቀቱን ከበዓሉ በፊት በእጃችሁ አድርጉት።

አከራዬ ጋንፓቲ ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ ሥጋ እንዳላበስል ነገሩኝ። እንቁጣጣሽ ደግሞ እዚያው መሃል ዋለ። ምን ላድርግ?

ከሁሉ በላይ የምንጠየቀው ይኼ ነው። ልብ የሚነካም ጥያቄ ነው፤ ከእናቱ ቤት ርቆ የመጀመሪያውን አዲስ ዓመት የሚያሳልፍ ልጅ ዶሮ ወጥ ሲከለከል ምን እንደሚሰማው እናውቃለን።

በመጀመሪያ የሰዎቹን ነገር እንረዳ። ምስሉ እቤታቸው እስካለ ድረስ እንደ ክቡር እንግዳ ነው የሚያዩት። በሌላ ጊዜ ሥጋ የሚበሉ ቤተሰቦች እንኳ በእነዚያ ቀናት ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ወደ ቤት አያስገቡም፤ ለእርሱ በሚቀርበው ምግብ ላይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይጨምሩም። የምትኖሩት ቤታቸው ውስጥ ባለ ክፍል ከሆነና ወጥ ቤቱ የጋራ ከሆነ፣ መታዘዝ ነው የሚሻለው። ለብቻው ግቢና ወጥ ቤት ያለው ቤት ከሆነ ግን ውሉ ላይ ያልተጻፈ ነገር ግዴታ አይሆንም። እንደዚያም ሆኖ የሽታውን ነገር አስቡበት፤ የበርበሬና የንጥር ቅቤ ቁሌት ሦስት ፎቅ ይወጣል።

መፍትሔ ከምንላቸው አንዱ ቀኑን በጊዜ መጠየቅ ነው። ብዙ ቤት ጋንፓቲ የሚቆየው አንድ ቀን ተኩል ወይም አምስት ቀን ብቻ ነው። «ካኩ፣ የእናንተ ስንት ቀን ይቆያል?» በሏቸው (ካኩ እንደ እኛ እትዬ መሆኑ ነው)። ምስሉ ከተሸኘ በኋላ ወጥ ቤቱ ወደ ቀድሞው ይመለስ ይሆናል። ካልሆነም ለብቻው አፓርታማ የተከራዩ ልጆች ዘንድ ተሰባስቦ ዶሮውን እዚያ መሥራት ነው፤ ብዙዎቻችን እንዲያ ነው የምናደርገው። «የእኛም አዲስ ዓመት በዚህ ቀን ነው፣ ጓደኞቼ ጋ አከብራለሁ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው ደስ ይላቸዋል።

የቀረውን ገበታ ግን እዚሁ መሙላት ይቻላል። በፑኔ ገበያ ናችኒ የሚሉት ዱቄት የእኛው ዳጉሳ ነው፤ ጆዋር የሚሉት ደግሞ ማሽላ። ሁለቱን ቀላቅላችሁ ብታቦኩ ሙቀቱ ስለሚያግዝ ቶሎ ይነሣል፤ እንጀራውም ዓይን ያወጣል። ቀይ ምስር በየሱቁ አለ። በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ ግን ከአገር ቤት በጓዛችሁ ይዛችሁ ኑ።

ፕራሳድ ሲሰጡኝ ልብላ? እምቢ ካልኩስ ይቀየሙኛል?

ፕራሳድ ለጣዖቱ ቀርቦ ለሰው የሚታደል ምግብ ነው፤ ተራ ግብዣ አይደለም። በጋንፓቲ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሞዳክ ነው፦ ከሩዝ ዱቄት በተሠራ ስስ ሊጥ ውስጥ የተፈቀፈቀ ኮኮናትና ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ተሞልቶ፣ ጫፉ እንደ ነጭ ሽንኩርት ራስ ተሰብስቦ በእንፋሎት የሚበስል። ትኩሱን ሲያቀርቡት ከላይ ቅቤ ያፈሱበታል።

መብላት አለመብላቱን እኛ አንወስንላችሁም። ኦርቶዶክስ የሆናችሁ ከበዓሉ በፊት ለንስሐ አባታችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ሙስሊሞችም የምታምኗቸውን ዓሊም፣ ፕሮቴስታንቶችም መጋቢያችሁን። ለጣዖት የተሠዋን ነገር በተመለከተ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን (1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 እና 10) አስቀድሞ ማንበብ ለክርስቲያኑ ይረዳል። ዋናው ነገር በሩ ተንኳኩቶ ሳህኑ እጃችሁ ላይ ሲደርስ ሳይሆን ከዚያ በፊት መወሰን ነው።

የማትበሉ ከሆነ በግልጽ ተናገሩ። ቀኝ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ «በሃይማኖቴ ምክንያት አልበላም፣ እንኳን አደረሳችሁ» ብትሉ የሚቀየም ሰው አላየንም። ሕንዶች በሃይማኖት ምክንያት ምግብ መተውን ከልጅነታቸው ያውቁታል፤ እነሱው ጎረቤት ለጎረቤት በምግብ ይለያያሉ። እኛም የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ ለይተን፣ ተከባብረን ያደግን ሰዎች ነን። የሚያስቀይመው ሌላ ነው፦ በፈገግታ ተቀብሎ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ መጣል። ደረጃ ላይ ተጥሎ የተገኘ ሞዳክ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ስንት ወር እንደሚወራበት እናውቃለን። ሳታስቡት እጃችሁ ላይ ከገባ፣ ለሚበላ የክፍል ጓደኛ በአክብሮት አሳልፉት።

የምትበሉም ብትሆኑ በቀኝ እጅ ተቀበሉ፤ በግራ አይቀበሉም።

ለአርቲ ጠሩኝ። መግባት አለብኝ?

አርቲ ጠዋትና ማታ መብራት እያዞሩ፣ እያጨበጨቡና እየዘመሩ የሚያደርጉት ጸሎት ነው። የአምልኮ ሥርዓት ስለሆነ አለመግባት ይቻላል፤ «ከጨረሳችሁ በኋላ መጥቼ እንኳን አደረሳችሁ እላለሁ» ማለት በቂ ነው። ከገባችሁ ጫማ በር ላይ አውልቁ፣ ከኋላ ቁሙ። ሲያበቃ መብራት ያለበት ሳህን ይዞራል፤ ሰዎች እጃቸውን በነበልባሉ ላይ አድርገው ፊታቸውን ይዳብሳሉ። ይኼ ራሱ የአምልኮው ክፍል ነው። የማትፈልጉ ከሆነ እጅ ነስታችሁ አሳልፉት፤ ግንባር ላይ ቀይ ምልክት ሊያደርጉላችሁ ሲመጡም እንደዚሁ። ምስሉን አትንኩ፤ ስትቀመጡም እግራችሁን ወደ እርሱ አትዘርጉ።

ባዶ እጅ መሄድ ከከበዳችሁ ፍራፍሬ ወይም አበባ ውሰዱ። በሽንኩርት የተቁላላ ወጥ ለዚያ ቀን አይሆንም።

ጎረምሶች ደረሰኝ ይዘው መጥተው ገንዘብ ጠየቁኝ። ግዴታ ነው?

አይደለም። ቫርጋኒ ይባላል፤ የሰፈሩ ማንዳል ለዳሱ፣ ለመብራቱና ለከበሮው ከየቤቱ የሚሰበስበው መዋጮ ነው። ፈቃድ ነው፤ በኃይል መሰብሰብ ወንጀል ነው፤ ፖሊስም ይህን ደጋግሞ ይናገራል። የውጭ ዜጋ ናችሁና ብዙ ይጠብቁ ይሆናል። መስጠት ከፈለጋችሁ ለሻይ የምታወጡትን ያህል ሰጥታችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ደረሰኙን በር አጠገብ አኑሩት፣ ሌላ ቡድን ሲመጣ ይጠቅማችኋል። ለእምነታችሁ የማይሆን መስሎ ከታያችሁ ደግሞ በትሕትና እምቢ በሉ። ብዙ ማንዳሎች በበዓሉ ሰሞን የደም ልገሳ ያዘጋጃሉ፤ ገንዘቡን መስጠት የከበዳቸው ልጆቻችን ለሰፈሩ በዚህ በኩል ያስባሉ፤ ጥሩ አካሄድ ይመስለናል።

ድምፁ እንቅልፍ ነሣኝ። ፈተናም አለብኝ።

ዶልና ታሻ የሚሉት የከበሮ ቡድኖች ልምምድ የሚጀምሩት በዓሉ ሳይደርስ ሳምንታት አስቀድመው ነው፤ ወንዝ ዳር የተከራየ ሰው ነሐሴን ሙሉ ይሰማዋል። በዓሉ ሲገባ ድምፅ ማጉያው ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የሕንድ የድምፅ ብክለት ደንብ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅ ማጉያ ይከለክላል፤ ግዛቶች ግን በዓመት እስከ 15 ቀን ድረስ እስከ እኩለ ሌሊት መፍቀድ ይችላሉ። የማሃራሽትራ መንግሥትም ከእነዚህ ቀናት የተወሰኑትን ለጋንፓቲ ያውላቸዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ሌሊት 6 ሰዓት ሳይሆን ዝም አይልም።

ቤት ስትከራዩ የሰፈሩ ማንዳል ዳሱን የት እንደሚያቆም ጠይቁ። መስኮታችሁ ሥር ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ፤ ይህችን አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ከማንኛውም የጆሮ መድፈኛ ይበልጣል። የከፋው ሌሊት የመጨረሻው ነው፤ ከመሃል ከተማው ራቅ ወዳለ ጓደኛ ቤት ሄዶ ማደር ይሻላል።

የመጨረሻው ቀን ላይ እንዴት ነው የምንቀሳቀሰው?

አለመንቀሳቀስ ነው የሚበጀው። ሽኝቱ ጠዋት ማንዳይ ገበያ ካለው የቲላክ ሐውልት አጠገብ ተነሥቶ በላክሽሚ መንገድ ያልፋል፤ የመጨረሻው ምስል እስኪያልፍ ከ24 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ላክሽሚ፣ ቲላክ፣ ኬልካርና ኩምቴካር መንገዶች ይዘጋሉ፤ አውቶቡሶች በሌላ ይዞራሉ፤ የሪክሾ ሾፌርም አልገባም ይላል። ሜትሮው ሰዓቱን ያራዝማል፤ ግን ማንዳይና ካስባ ፔት ጣቢያዎች ላይ መውረድና መውጣት ራሱ ትግል ነው። የአውሮፕላን ወይም የባቡር ትኬት በዚያ ቀን አትቁረጡ፤ የግድ ከሆነ ከዋዜማው ወጥታችሁ ጣቢያው አካባቢ እደሩ።

ላየው ካላችሁ ግን ተመልከቱት፤ የሚታይ ነገር ነው። ጥምቀት ላይ ከጃን ሜዳ ታቦት ሲመለስ መንገዱን የሚሞላውን ሕዝብ ያየ ሰው ግፊያው አዲስ አይሆንበትም። እምነቱ ለየቅል ነው፤ የሕዝቡን ትዕግሥት፣ ለአምቡላንስ በአንድ ጊዜ መንገድ ሲከፍት ስታዩ ግን ትደነቃላችሁ። ከከተማዋ ታዋቂ ምስሎች አንዱ የሆነውን የዳግዱሼት ሃልዋይን ጋንፓቲ ማየት የሚፈልግ በምሽት ሰልፍ ከሚንገላታ በሁለተኛው ቀን ማለዳ ይሂድ፦ ገና ሳይነጋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች መንገዱ ላይ ተቀምጠው በአንድ ድምፅ የሚጸልዩበት ሰዓት ነው።

እኅቶች ብቻቸውን ቢወጡ ችግር አለው?

በቀን፣ በሰፈር ውስጥ ችግር የለም። በሽኝቱ ምሽት ግን ብቻችሁን አትውጡ። በግፊያ መካከል እጁን የሚሰድ ባለጌ አይጠፋም፤ ስልክ የሚሰርቅም እንደዚሁ። በቡድን ሁኑ፣ የመንገዱን ዳር ያዙ፣ የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ሰው ሲበዛ ስልክ አይሠራም። በሰልፉ የሚበተነው ጉላል የሚባል ሮዝ ዱቄት ከነጭ ልብስ አይለቅምና የሀገር ልብስ ለብሳችሁ እንዳትወጡ። የሌዘር መብራት ዓይን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2024 የፑኔ ፖሊስ አግዶታል፤ ካጋጠማችሁ ግን ቀጥታ አትመልከቱት።

አትክልት ብቻ ከሆነ የጾም ምግብ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ወተት፣ እርጎና ቅቤ ለእነሱ ጾምን አያፈርስም፤ በበዓሉ ጣፋጭ ሁሉ ቅቤ አለበት። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ «ቅቤ የለበትም?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ሥጋ የለበትም» የሚለውን መልስ እንደ ጾም አትውሰዱት።

የሙስሊሙ በዓል ቢገጥምስ?

ገጥሞ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 የጋንፓቲ ሽኝትና መውሊድ በአንድ ቀን፣ መስከረም 17 ዋሉ (ለክርስቲያኖቻችን መስቀልም ነበር)። የማሃራሽትራ ሙስሊሞች ሰልፋቸውን ወደ ሌላ ቀን አዛወሩ፤ መንግሥትም የመውሊድን የዕረፍት ቀን ወደ ማግስቱ አዛወረ። እንዲህ ያለ ዓመት ሲመጣ የመስጊዳችሁን ማስታወቂያ ተከታተሉ።

ሆስቴሉ ባዶ ቀረ፣ ሁሉም ቤተሰቡ ጋ ሄደ። እንቁጣጣሽን እንዴት ላክብር?

መጀመሪያ የሆስቴሉ ምግብ ቤት የሚዘጋበትን ቀን አጣሩ፤ ብቸኝነት በባዶ ሆድ ይብሳል። ከዚያ የቀደሙትን ልጆች ፈልጉ፤ ማንም ኢትዮጵያዊ በዚያ ቀን ብቻውን እንዳይውል እንፈልጋለን፤ ከልባችን ነው የምንለው።

ቤቱን ለማስጌጥ ደግሞ የበዓሉ ገበያ ያግዛችኋል። ማንዳይ ውስጥ ዤንዱ የሚሉት አበባ ቢጫውና ብርቱካናማው በጆንያ ተዘርግፎ በኪሎ ይሸጣል። ቢጫውን ምረጡ፤ ለበሩና ለጠረጴዛው ይሆናል፤ አደይን ባይተካም ዓይን ይሞላል። ማታ ስትሄዱ ሻጮቹ የቀረውን በርካሽ ይለቁታል። ከአበባው ጎን በትናንሽ እስር የሚሸጥ አረንጓዴ ሣር ታያላችሁ። ዱርቫ ይባላል፤ ለጋኔሽ የሚቀርብ ነው፣ ብዙ ጊዜም 21 ዘለላ ይታሰራል። ቄጠማ ነው ብላችሁ ገዝታችሁ ወለል ላይ እንዳትጎዘጉዙት፤ አከራይዋ ብትገባና እግር ሥር ብታየው በጣም ታዝናለች። ለጉዝጓዝ ከኮሌጁ ግቢ አትክልተኛውን አስፈቅዳችሁ የታጨደ ሣር ውሰዱ።

በሽኝቱ ሌሊት ብታመምስ?

አምቡላንስ 108 ነው፤ ለማንኛውም ድንገተኛ ነገር 112 ይሠራል። ሙታ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ ድልድዮቹ ስለሚጨናነቁ በዚያ ሌሊት ከእናንተ ማዶ ወዳለ ሆስፒታል መድረስ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት በእናንተ ወገን፣ ሌሊት የሚሠራ ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ አይታችሁ ስልኩን መዝግቡ። ወቅቱ ዝናብ ስለሆነ የዴንጌ ትንኝም ይበዛል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመምና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ካላችሁ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰዱ፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የመድማት አደጋ ስላላቸው አትንኩ፤ በማግስቱም ደማችሁን አስመርምሩ። የሚከታተሉት መድኃኒት ያላችሁ ደግሞ ከሽኝቱ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ግዙ፤ በሰልፉ መንገድ ዳር ያሉ ፋርማሲዎች ሊዘጉ ይችላሉ።